ለወገብ ቢላዋ ስዊድን ድረስ?

ባለ በቅሎ፦ ትናንት በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተባለውን ላልሰማችሁ ልንገራችሁ። ለበቅሎ ነጂዎችና ለካምፕ ወጥ ሠሪዎች በጋራ ገንዘብ የወገብ ቢላዋ ይገዛ ተባለ፤ እሰየው። ከዚያ አንድ አስጎብኚ ብድግ ብሎ «የጎንደር ቢላዋ ለበዓል ነው፤ ለሥራ የሚሆነው ሞራ የሚባለው የስዊድን ቢላዋ ነው፤ ዋጋውም እዚያው አገሩ ከ20 ዶላር እምብዛም አይበልጥም» አለና ተጨበጨበለት። አባቶቻችን ስሜንን ሲወጡና ሲወርዱ ስዊድንን ማን ያውቃት ነበር? ብረት ብረት ነው፤ ዋናው የያዘው እጅ ነው። ቅዳሜ ገበያ ቢላዋ ሞልቶ ዶላር ፍለጋ የምንንከራተተው ምን ነክቶን ነው?

ስሜን ነፋሱ፦ ተናጋሪው እኔ ነኝ፤ ጭብጨባውን ግን አልከፈልኩበትም። አንድ እንግዳ ሲሄድ የተወልኝን ሞራ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ ወገቤ ላይ አስሬ እየሄድኩ ነው የምናገረው። ስለቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያልፋል፤ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ድንች ይልጣል፣ የጭነት ገመድ ይቆርጣል፣ በግ ይገፍፋል። ስለቱ በየጎኑ አንድ ሰፊ ተዳፋት ብቻ ስላለው ድንጋይ ላይ አስተኝተህ ትገፋዋለህ እንጂ ማዕዘን ፍለጋ አትጨነቅም። እነዚያ ሰዎች ከ1891 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ይህንኑ ሲሠሩ ኖረዋል። የቅዳሜ ገበያው ቢላዋ ግን ዛሬ የገዛኸውና ነገ የምትገዛው ወንድማማች እንኳ አይደሉም።

ባለ ሞረድ፦ ባለ በቅሎ፣ «ብረት ብረት ነው» ያልከው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ፌሮም ብረት ነው እኮ። ከፈረሰ ቤት የወጣ ፌሮ ጠፍጥፈው፣ አብረቅርቀው፣ የቀንድ እጀታ አልብሰው ይሸጡልሃል፤ አንድ በግ ገፍፈህ ሳትጨርስ ስለቱ ወደ ጎን ይተኛል። ውስጡ ያለው ካርቦን ጥቂት ስለሆነ ቢያግሉትም ቢነክሩትም አይጠነክርም። የአይሱዙ ባሌስትራ፣ ከመኪናው ሥር ያለው የሞላ ብረት፣ ሌላ ነገር ነው፤ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን አለው፣ ሲነከር ይጠነክራል። ገበያ ስትሄድ ትንሽ ሞረድ ኪስህ ውስጥ ያዝና ስለቱ ላይ ቀስ አድርገህ ሂድበት። ሞረዱ ከነከሰው ለስላሳ ነው፣ ተወው። መስታወት ላይ እንደሚሄድ ከተንሸራተተ ጠንክሯል፤ ያን ጊዜ ስለ ዋጋ ተነጋገር።

ባለ በቅሎ፦ ተመስገን! ባሌስትራ ይሆናል ብለህ ራስህ መሰከርክ። ባሌስትራው ደግሞ ከጎንደር ጋራዥ ነው የሚወጣው። እንግዲህ ብረት ብረት ነው።

ባለ ሞረድ፦ «ባሌስትራ ይሆናል» ማለት «ሁሉም ይሆናል» ማለት የሆነው በየትኛው አገር ነው? ባሌስትራም ቢሆን የሠሪው ነገር አለበት። ማግኔት የማይስበው እስኪሆን ድረስ ይግላል፤ ከዚያ ዘይት ውስጥ ይገባል። ብዙዎቹ ቸኩለው ውሃ ውስጥ ይጨምሩታል፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይዞ ይወጣል። ከዘይቱ ሲወጣ ደግሞ ገና አላለቀም፤ 200 ዲግሪ አካባቢ ሰዓት ያህል ቆይቶ መለዘብ አለበት፤ የተወለወለው ጎኑ የገለባ ቀለም ሲይዝ ይበቃዋል። ይህችን የመጨረሻዋን የሚዘልሉት ናቸው አጥንት ሲነካ የሚሸረፍ ቢላዋ የሚሰጡህ። አንተ ደግሞ የያዘው እጅ ትለኛለህ። የያዘው እጅ ሳይሆን የሠራው እጅ ብትል እቀበልህ ነበር።

ከግንቡ ሥር፦ ይህ ሁሉ የባዕድ አምልኮ ነው። ሴባስቶፖልን የሠራ ሕዝብ ዛሬ የድንች መላጫ ከስዊድን ያስመጣ?

ስሜን ነፋሱ፦ ይህ ነገር ሳይነሣ ያልፋል ብዬ ሰግቼ ነበር። መድፉ ሴባስቶፖል የተሠራው ጋፋት ነው፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፤ ሥራውን የመሩት አፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው የአውሮፓ ሚስዮናውያን ናቸው፤ መድፍ ደግሞ ቀልጦ ይፈስሳል እንጂ እንደ ቢላዋ አይቀጠቀጥም። ቴዎድሮስ የውጭ ባለሙያ ሲያገኙ አላፈሩበትም፤ አንተ ምን ሆነህ ነው የምታፍረው?

ከግንቡ ሥር፦ የጎተተውስ ማን ነው? መቅደላ ድረስ የጎተተው ስዊድናዊ ነው?

ስሜን ነፋሱ፦ ስለ መጎተት ከሆነ ጥያቄው ለባለ በቅሎ ነው።

ወጥ ቤቷ፦ ቢላዋውን የምይዘው እኔ፣ የምትከራከሩት እናንተ። አንድ ነገር ልበል። ካምፕ ላይ ሎሚ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በአንድ ቢላዋ ነው የሚከተፈው። የባሌስትራው ቢላዋ ሎሚ ነክቶት ሳይጠረግ ካደረ ጠዋት ጠቁሮ ታገኘዋለህ፤ ሰላጣው ላይ የብረት ጣዕም ይጥላል። በሐምሌማ አይነሣ። ሰው ደግሞ ለውበት ብሎ የቆዳ አፎት ያሠራለታል፤ ቆዳው እርጥበቱን ይዞ ስለሚያድር ቢላዋው አፎቱ ውስጥ ሆኖ ይዝጋል። እኔ ስቴንለስ ነው የምፈልገው፤ አፎቱም ፕላስቲክ ሆኖ ከታች ውሃ የሚያፈስ ቀዳዳ ያለው ይሁን። ከየት እንደመጣ አይገደኝም።

ባለ በቅሎ፦ እትዬ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው፤ ግን ቢላዋ ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ ማሳደር ከባድ ሥራ ሆኖ ነው? እናቶቻችን በሞራ ያሹት ነበር፤ የበግ ሞራ ማለቴ ነው፣ ስዊድን እንዳይመስላችሁ።

ወጥ ቤቷ፦ አስር ሰው አብልቼ፣ ድስት አጥቤ፣ ማታ በዚያ ብርድ ቢላዋ ዘይት ልቀባ? ና ቅባልኝ።

ባለ ሞረድ፦ እትዬ እውነት አላቸው፤ ግን «ስቴንለስ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አያስተማምንም። ሱቁ በሙሉ ስቴንለስ የተጻፈበት ርካሽ ቢላዋ ሞልቶታል፤ ማንኪያ የሚሠራበት ዓይነት ብረት ነው፤ አይዝግም፣ አይቆርጥምም። የሞራው ስቴንለስ ፋብሪካ ውስጥ በትክክል የጠነከረ ነው፤ እሱን አልክድም። ግን ጅራቱ እጀታው ውስጥ እስከ ጫፍ አይዘልቅም። በቅሎ ነጂ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ቢላዋውን ግንድ ላይ አስቀምጦ ጀርባውን በድንጋይ ይቀጠቅጠዋል።

ስሜን ነፋሱ፦ ለፍልጥ መጥረቢያ አለ።

ባለ ሞረድ፦ አለ፤ ድንኳኑ ያለበት ቦታ ግን የለም። ባሌስትራው 4 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ ጅራቱ ከነሙሉ ስፋቱ እጀታውን ካለፈና በሦስት ምስማር ከተመታ ድንጋዩንም ይችላል።

ከወለቃ ማዶ፦ ሁላችሁም አንድ ነገር ትሸሻላችሁ። ጎንደር ጥሩ ባለእጅ አልነበራትም እንዴ? ነበራት። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላዋውን የሚሠሩት ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ቀን ማረሻ አሠርተን ማታ «ቡዳ» አልናቸው። በ1983 እነሱ ከሄዱ በኋላ መንደራቸው ወለቃ ላይ የቀረው ሰሌዳና ለቱሪስት የሚሸጥ የሸክላ አንበሳ ነው። አሁን ደርሳችሁ «የአገር ልጅ እጅ» ስትሉ አያሳፍራችሁም?

ከግንቡ ሥር፦ የቢላዋ ወሬ ወዴት ሄደ? ሁሉንም ነገር ወደ ወቀሳ መጎተት በሽታ ነው።

ከወለቃ ማዶ፦ ሴባስቶፖልን ጎትተህ ያመጣህ አንተ ነህ።

ባለ ሞረድ፦ ከወለቃ ማዶ፣ የስድቡ ነገር እውነት ነው፤ እኔም ባለእጅ ስለሆንኩ ዛሬም ይደርሰኛል። ሙያው ግን አብሮ አልተሰደደም። አዘዞ መንገድ ላይ ከጋራዥ ሥራ ተነሥተው ደህና ቢላዋ የሚያወጡ ልጆች አሉ። ችግራቸው ሌላ ነው፤ ደንበኛው ቢላዋው እንዲያብረቀርቅለት እንጂ እንዲቆርጥለት አይጠይቅም። በሞተር ድንጋይ እያቃጠሉ ይሞርዱለታል፣ ጠርዙ ሰማያዊ ይሆናል፣ እሱም «ቀለሙ እንዴት ያምራል» ብሎ ከፍሎ ይሄዳል። ያ ሰማያዊ ጥንካሬው የሄደበት ምልክት ነው።

ባለ በቅሎ፦ የኔ ቢላዋ ሰማያዊ ነገር አለበት። ተወልዶ ነው የመጣ እንጂ እኔ ምንም አላደረግሁትም፤ እስከ ዛሬም ይቆርጣል።

ባለ ሞረድ፦ ምን ይቆርጣል?

ባለ በቅሎ፦ የሚቆረጠውን ይቆርጣል። ብረት ብረት ነው ብያለሁ።

ስሜን ነፋሱ፦ ይኸው፤ ማኅበሩ የጋራ ገንዘብ ሊያፈስስ ያለው በዚህ ዓይነት ምርመራ ላይ ነው። እኔ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ አሥራ ምናምን ቢላዋ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲመጣ ከተፈለገ ፋብሪካ ይሻላል። ለጥምቀት ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች ሞልተዋል፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያስገቡልናል፤ በእጅ ሻንጣ ከያዙትማ ኤርፖርት ላይ ይቀራል።

ወጥ ቤቷ፦ ጥምቀት ጥር ላይ ነው። እንግዳው ከመስከረም ጀምሮ ይመጣል። እስከዚያ በጥርሴ ልክተፍ?

ከግንቡ ሥር፦ በስዊድን ጥርስ ይክተፉ።

ወጥ ቤቷ፦ ልጄ፣ አንተ ቢላዋ የምታውቀው ቁርጥ ቤት ተቀምጠህ ነው፤ ዝም በል። ይልቅ አንድም ሰው ያላነሣው አለ፤ እኔ ግራኝ ነኝ። አፎቱ ለግራ እጅ ካልሆነ ምኑ የወገብ ቢላዋ ነው?

ስሜን ነፋሱ፦ የሞራው አፎት ቢላዋውን በሁለቱም በኩል ይቀበላል፣ እትዬ።

ባለ ሞረድ፦ የኔው ደግሞ እንዳዘዙት ይሰፋል። ማኅበሩ አንድ የአይሱዙ ባሌስትራ ያምጣልኝ፤ ሁለት ሠርቼ አሳያለሁ፤ አንዱን እትዬ ይያዙት፣ አንዱን ባለ በቅሎ በድንጋይ ይቀጥቅጠው።

ባለ በቅሎ፦ ባሌስትራው በማን ገንዘብ ነው የሚገዛው?

ባለ ሞረድ፦ ብረት ብረት ነው አላልክም? የቤትህን በር ንቀልና አምጣ።

ከወለቃ ማዶ፦ ገንዘብ ያዡ እዚህ እያነበበ ዝም ያለው ለምንድን ነው?