የእናቴ ሪሲቨር አስቸገረኝ፤ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከጎንደር፣ ማራኪ ነው። ኤሌክትሮኒክስ በራሴ መማር ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው። መማሪያዬ ከአራዳ ገበያ በርካሽ የምለቅማቸው የተበላሹ ዕቃዎች ናቸው።

አሁን የያዝኩት ግን የእናቴን ዲሽ ሪሲቨር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ተበላሸ። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ሌላ ነገር የለም። ከፈትኩት። ፊውዙ ደህና ነው። ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ላይ 310 ቮልት ዲሲ አለ፤ ከሶኬቱ 220 ቮልት ኤሲ የሚጠበቀው ይኸው ነው። መውጫው ላይ ግን 12 ቮልት የተጻፈበት ቦታ ከዜሮ እስከ 2 ይዋልላል። 5 ቮልቱም እንደዚያው። ሊነሳ ሞክሮ ራሱን የሚያጠፋ ይመስላል።

ከሶኬት ነቅዬ ካፓሲተሩን በአምፖል አራገፍኩት። (ባለፈው ሳላራግፍ ነክቼ እስከ ትከሻዬ ነዝሮኛል!) ከዚያ የ12 ቮልቱን ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ ያለበትን) በቴስተር ስለካው በሁለቱም አቅጣጫ ጮኸ። ዳዮዱ ራሱ ሾርት ሆኖ ነው ወይስ አብሮት የተያያዘ ነገር እያታለለኝ ነው? አንድ እግሩን ከቦርዱ አላቅቄ ልለካው?

አጠገቡ ያለው ካፓሲተርም አናቱ አብጧል። 1000 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት ይላል። እኔ ጋ ያለው 1000 ሆኖ 25 ቮልት ነው። ቁመቱ ትንሽ ይበልጣል እንጂ ይገባል። ልተካው? መልሼ ስሰካውስ፣ ሾርት ቢኖር እንዳይቃጠል 60 ዋት አምፖል በተከታታይ ባስገባ ይበቃል?

ሠሪ ጋ እንዳልወስደው እልህ ይዞኛል። እናቴ ደግሞ ማታ ማታ «አሁንም አልሠራም?» እያለች ነው።