በጎሳ ስም የሚሰጠው የኢንተርኔት ብድር፦ ክፍለ ግዛቶች ያስቁሙት ወይስ ይተዉት?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ስም በኢንተርኔት ስለሚሰጠው አጭር ብድር ነው። አበዳሪዎቹ «እኛ የጎሳው ድርጅት ነን፤ ጎሳው ሉዓላዊ ስለሆነ የክፍለ ግዛታችሁ የወለድ ጣሪያ አይመለከተንም» ይላሉ። ይቁሙ ወይስ ይቀጥሉ? ከስድብ በቀር ሁሉም ይፈቀዳል።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ይቁሙ። ግዛታችን ቨርጂኒያ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአጫጭር ብድር ዓመታዊ ወለድ ከ36 በመቶ እንዳይበልጥ ወስናለች። ሆኖም የግብር ሒሳብ ከምሠራላቸው ሾፌሮቻችን አንዱ በስልኩ ማስታወቂያ አይቶ በብዙ መቶ በመቶ አራጣ ተበድሮ መጣ። «ገንዘቡ ዛሬውኑ ይገባልዎታል፣ የብድር ታሪክ አንጠይቅም» የሚለው በትልቁ ተጽፏል። ወለዱን ለማግኘት ግን የሒሳብ ሰው የሆንኩት እኔ እንኳ ብዙ ገጽ ማገላበጥ ነበረብኝ።

የኦክላሆማው፦ እህቴ፣ በሾፌሩ አዝናለሁ፤ ፍርድሽ ግን አንድ ዓይና ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ብሔራዊ ባንኮች የመቀመጫ ግዛታቸውን ወለድ በመላ አገሪቱ እንዲያስከፍሉ ፈቀደ። ሲቲባንክ በ1981 የክሬዲት ካርድ ሥራውን ጠቅልሎ ሳውዝ ዳኮታ የገባው ግዛቲቱ የወለድ ጣሪያዋን ስላነሳችለት ነው። ባንኩ ሲያደርገው ንግድ ተባለ፣ ጎሳው ሲያደርገው ማጭበርበር? ከከተማ ርቆ ለሚገኝ ጎሳ እንደ ሌሎቹ ጎሳዎች የቁማር ቤት (ካሲኖ) መክፈትም አያዋጣውም፤ ክሊኒኩንና ትምህርት ቤቱን በምን ያስተዳድር?

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ጎሳው በእርግጥ ቢያገኘው ክርክራችን ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። የስኮት ተከርን ጉዳይ ያንብቡት። ሰውየው የጎሳ አባል አይደለም፤ የካንሳስ ነጋዴና የመኪና ተወዳዳሪ ነው። የማያሚ፣ የሞዶክና የሳንቲ ሱ ጎሳዎችን ስም ይዞ 4.5 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች አበደረ። ወለዱ 700 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርስ ነበር። ጎሳዎቹ ከገቢው የሚደርሳቸው አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የስልክ ሠራተኞቹ ካንሳስ ተቀምጠው «ያለነው በጎሳው ምድር ነው» እንዲሉ ታዘዋል፤ ደንበኛ ስለ ዝናብ ቢጠይቅ እንዳይደናገሩ የኦክላሆማና የነብራስካ የአየር ሁኔታ መረጃ ይሰጣቸው ነበር! ይህ የማን ሉዓላዊነት ነው?

የኦክላሆማው፦ የአንድ ወንበዴ ታሪክ ነው። በ2018 ከ16 ዓመት በላይ እስራት ተፈርዶበታል። ሕጉ ሠርቷል ማለት ነው።

የሚኒያፖሊሱ፦ ቆይ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 ዘጠኝ ለዜሮ ለዚሁ ሰው ፈርዶለት የለም እንዴ? ማስታወቂያው አሳሳች ነው የተባለው እኮ ውድቅ ሆኗል።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ወንድሜ፣ አልሆነም። ፍርድ ቤቱ የወሰነው በማታለል የከሰሰው መንግሥታዊው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጠቀሰው አንቀጽ ገንዘብ ማስመለስ አይችልም ብሎ ነው፤ ቀድሞ እንዲመልስ የተፈረደበት 1.27 ቢሊዮን ዶላር የተነሳለት በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ማታለሉ «አላታለለም» ያለ ዳኛ የለም። የተበዳሪው ውል እንዲህ ነበር፦ 300 ዶላር ትበደራለህ፤ በውሉ ገጽ ላይ በመስመር በታጠረ ሳጥን ውስጥ በጉልህ «ጠቅላላ ክፍያ 390» ተጽፏል። ዝም ካልክ ግን ብድሩ ራሱን ያድሳል። በመጀመሪያዎቹ አራት የደሞዝ ቀናት ወለዱ ብቻ ከባንክ ሒሳብህ ይወሰዳል፤ ዋናው ዕዳ ንቅንቅ አይልም፤ መቀነስ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ነው። መጨረሻ ላይ የምትከፍለው 975 ነው። ማደሱን ለማስቀረት አስቀድመህ ማመልከት ነበረብህ፤ ይህም የተጻፈው ከሳጥኑ በታች፣ በደቃቁ ነው።

የሚኒያፖሊሱ፦ 390 ብሎ 975! እንግዲህ ክርክሩ ስለ ወለድ ጣሪያም ሳይሆን ሰው ዋጋውን ሳያውቅ ስለ መፈረሙ ነው። የሲቲባንኩ ምሳሌ እዚህ አያግዝም።

የኦክላሆማው፦ በዚህ ላይ አልከራከርም፤ አሳሳች ማስታወቂያ ጎሳም ይሥራው ባንክ ይቀጣ። እኔ የምፈራው በዚህ ሰበብ ግዛቶች በጎሳዎች ላይ የሚያገኙትን ሥልጣን ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ መሬታቸውም ሲወሰድ ለእነሱ ጥቅም ነው ይባል ነበር።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ፍርሃትዎ ይገባኛል። መፍትሔው ግን እዚያው ቤታቸው አለ። የ1988ቱ የጎሳ ቁማር ሕግ ካሲኖው የጎሳው ንብረት እንዲሆን ያስገድዳል። ከውጭ መጥቶ በውል የሚያስተዳድር ሰው ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶ፣ ሲበዛ 40 ቢወስድ ነው። ለብድር እንዲህ ያለ ወሰን የለም፤ አንድ በመቶ ወርውሮ የጎሳን ስም መከራየት የተቻለውም ለዚህ ነው። ይህን ድንጋጌ ወደ ብድር ያምጡልን፤ በትክክል የጎሳው የሆነው ድርጅት ይቀራል፣ ተከራዩ ይሄዳል።

የኦክላሆማው፦ ጎሳዎቹ ተማክረውበት ከሆነ እፈርማለሁ። ኮንግረስ ብቻውን ከጻፈው አልፈርምም።

የሚኒያፖሊሱ፦ ማንን ነው የሚያማክሩት ጋሼ? ውሉን የፈረመውን የጎሳ ምክር ቤት ወይስ አንድ በመቶዋ የት እንደገባች ያልተነገራቸውን አባላት?

የኦክላሆማው፦ ሁለቱንም። አባላቱን በቅድሚያ።