እማዬ ስኳሯ ተስተካክሎ ድካሙ ለምን አለቀቃትም?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከድሬዳዋ ነኝ። እናቴ ስኳር ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ትወስዳለች፣ ሲለካም «ደህና ነው» ይሉናል። ግን ድካሙ! ሌሊቱን ተኝታ አድራ ጠዋት የምትነሳው ደክሟት ነው። ቀፊራ ወርዳ አትክልቷን መርጣ፣ ተከራክራ ገዝታ የምትመለስ ሴት አሁን ከባጃጅ ወርዳ በራችን እስክትደርስ ሁለቴ ትቆማለች። ስንጠይቅ «ዕድሜ ነው፣ ሙቀቱም አለ» ተብለን ተመለስን። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ላረጀች ሰው የድሬ ፀሐይ ዛሬ ነው እንዴ አዲስ የሚሆንባት? ምን እናስመርምር? እስከዚያ ቫይታሚን ገዝቼ ልስጣት?

ነርስ ከሐረር፦
እህቴ፣ «ዕድሜ ነው» የሚባለው ሌላው ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሁለቴ ይቆማሉ ያልሽው አሳስቦኛል። ትንፋሽ እያጠራቸው ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ልባቸው ይታይ፤ ስኳር ያለበት ሰው ልቡ ታሞም ደረቱን ላያመው ይችላል። ሁለተኛ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ከምግብ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል። ቢ12 ሲያንስ ድካም፣ የደም ማነስና የእግር መደንዘዝ ይመጣል፤ መደንዘዙን ደግሞ ሁሉም «የስኳሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ኩላሊትም አለ። ደም እንዲመረት የሚያዘውን ሆርሞን በብዛት የሚያወጣው ኩላሊት ስለሆነ፣ ስኳር ሲጎዳው ደምም ያንሳል። ስለዚህ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ ሆርሞን) እና ቢ12 ይታዘዝላቸው። ቫይታሚኑን ከምርመራው በፊት አትስጫቸው፣ ውጤቱን ያዛባል። ሜትፎርሚኑንም በራሳችሁ እንዳታቆሙ!

ከዚራ፦
እኔ የምለው ይንቀሳቀሱ ነው። ሰው በተኛ ቁጥር ይብስበታል። አባቴም ስኳር አለበት፣ ፀሐይ በረድ ሲል ከዚራ ዛፎቹ ሥር እየተራመደ ነው የተሻለው።

መጋላ፦
ወንድሜ፣ አባትህ እንኳን ተሻላቸው፣ ግን ድካም ሁሉ አንድ አይደለም። እኔ የመገጣጠሚያ ሪህ አለብኝ፣ ሩማቶይድ የሚሉት። አንዳንድ ቀን ጣቴን እንኳ ሳያመኝ ሰውነቴ ይወድቃል። ሐኪሜ እንዳስረዳችኝ ብግነቱ አንጎል ድረስ ይሰማል፣ ኃይለኛ ጉንፋን እንደሚጥለን ማለት ነው። ለእኔ ትንሽ ትንሽ መራመድ ጠቅሞኛል፣ ሥራዬንም ከፋፍዬ ነው የምሠራው፤ ጠዋት ልብስ ካጠብኩ እንጀራ የምጋግረው በማግስቱ ነው። በሌላ በኩል ትንሽ ከተንቀሳቀሱ በኋላ በማግስቱ ከአልጋ መነሳት የሚያቅታቸው ሰዎች አሉ፣ ኤምኢ የሚባለው ሕመም ነው። ለእነሱ «እየጨመርክ ሂድ» የሚለውን ሕክምና ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2021 እ.ኤ.አ. ከመመሪያው አውጥቶታል። በእኛ አቆጣጠር በ2011 መጨረሻ ድሬ ላይ ቺኩንጉንያ የሚባለው በወባ ትንኝ መሰል ትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ሲገባም ትኩሳቱ ከለቀቃቸው በኋላ ወራት ሙሉ የደከሙ ሰዎች ነበሩ። «ሰንፈው ነው» ሲባሉ በጣም ያመኝ ነበር። የእህታችን እናት ደግሞ ልባቸው ሳይታይ «ተራመጂ» ማለት ልክ አይመስለኝም።

የሳቢያን ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እግሯንማ ይደነዝዛታል፣ ማታ ማታ ያቃጥላታል። ትንፋሿንም ስጠይቃት «ትንሽ ያጥረኛል፣ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው» አለችኝ። ነገ ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ። ቢ12 እዚህ ባይሠራስ?

ነርስ ከሐረር፦
ነገን አታሳልፊው። ማታ ትንፋሹ ከባሰ ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ግን ሳይነጋ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ቢ12 እዚያ ከሌለ ናሙናው ወደ ሌላ ላብራቶሪ ይላክ እንደሆነ ጠይቂ። ሲቢሲው ላይ ኤምሲቪ የሚለው ቁጥር (የቀይ ደም ሴሎቹ መጠን) ከፍ ካለ ቢ12 ያንሳል ብሎ ያስጠረጥራል፣ ደህና ቢሆንም ግን «የለባቸውም» ማለት አይደለም። የመደንዘዙን ነገር ለሐኪሙ ራስሽ ንገሪው፣ እሳቸው ዝም ይላሉ።