ከተማሪዎች ወስደን የተመራመርንበትን ውጤት ለትምህርት ቤቱ እንዴት እንመልሰው?

ጥያቄ፦ ከ«ጣና ዳር ተማሪ»

ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር የኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርሁ ነው። የመመረቂያ ጥናቴ በሐይቁ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መካከል ያለውን የቢልሃርዚያ (ውኃ ውስጥ ሲገቡ በቆዳ በኩል በሚገባ ጥገኛ ትል የሚመጣ በሽታ) ሥርጭት የሚመለከት ሲሆን፣ የመስክ ሥራውን ጨርሼ አሁን መረጃውን በመተንተን ላይ እገኛለሁ። ጥያቄዬ ግን ስለ ትንተናው አይደለም።

ናሙና በምንሰበስብበት በሁለተኛው ቀን አንዲት እናት የልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ተቀመጥንበት ክፍል ገቡ። የፈቃድ ቅጹን አንብቤላቸው ስጨርስ፣ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ከማሳረፋቸው በፊት ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ካቻምናም እንዳንተው ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች መጥተው ወስደው ነበር። ምን እንዳገኙበት የነገረን የለም። ይኸኛውስ ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉኝ። በሽታው የተገኘበት ልጅ ሁሉ በጤና ጣቢያው በኩል መድኃኒት እንደሚሰጠው ነገርኋቸው፤ ይህም ተፈጽሟል። እርሳቸው የጠየቁኝ ግን ስለ መድኃኒቱ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ማታ ወደ ከተማ ስመለስ ነው።

ጽሑፌ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ አንዱ ቅጂ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ ከተሳካልኝም በአንድ መጽሔት ላይ ይወጣል። ከእነዚህ አንዱም ወደዚያች እናት ደጅ አይደርስም። ስለዚህ ልምዱ ያላችሁን እጠይቃለሁ፦ ከውጤቱ የትኛውን፣ ለማንና በምን መልክ መመለስ ይገባኛል? ሕጉስ በዚህ ረገድ ምን ይላል? በታሪክና በትምህርት ጥናት ላይ የተሰማራችሁም ካላችሁ፣ እናንተ እንዴት እንደምታደርጉ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከ«ሕግ አስተማሪ»

ወንድሜ፣ ጥያቄውን በማንሳትዎ አመሰግንዎታለሁ። አስቀድመው ለሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው ያቀረቡትን ሰነድና ወላጆች የፈረሙበትን ቅጽ መልሰው ያንብቡ። «ውጤቱ ለሚመለከታቸው አካላት ይገለጻል» የሚል ዓረፍተ ነገር በአብዛኞቹ ቅጾች ላይ ከልማድ የተነሳ ይገባል፤ በእርስዎም ላይ ካለ፣ ለነዚያ እናት የገቡት ቃል ነው ማለት ነው። ፈቃዱን የሰጡት ያንን ሰምተው ነውና ከዚያ ወዲያ መመለሱ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

ቀጥሎ፣ የአንዱን ልጅ ውጤትና የትምህርት ቤቱን ውጤት አይቀላቅሏቸው። የልጁ ውጤት የልጁና የወላጁ ነው፤ ለርእሰ መምህሩ እንኳ በስም ዝርዝር ሊሰጥ አይገባም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን አድርጎታል። ስም መሰረዝ ብቻውን እንደማይበቃም ልብ ይበሉ። ተማሪው ጥቂት በሆነበት ትምህርት ቤት፣ «ከአምስተኛ ክፍል ሁለት ሴት ልጆች» ብሎ መጻፍ ስማቸውን ከመጥራት አይለይም፤ ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ማን ማን እንደሆነ ለይተው ይጨርሱታል። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጡት ቁጥር የጥቅሉ ይሁን።

ሦስተኛው፣ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው፣ ከሕዝቡ የወሰድነው ዕውቀት ነው። የእንዶድ ታሪክ እዚህ ላይ መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ እርስዎ የሚያጠኑትም ያንኑ በሽታ ነውና። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለሆነ፣ ከዚህ ምልከታ ተነስተው ለዓመታት የዘለቀ ምርምር አካሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ፣ በአሜሪካ የውኃ ቧንቧዎችን የሚደፍን ባለ ዛጎል ፍጥረት በእንዶድ የሚጠፋበት ዘዴ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም በፓተንት ተመዘገበ። እንዶዱን ወቅጠው ነጠላቸውን ሲያጥቡበት የኖሩት ሴቶች በዚያ ወረቀት ላይ ስፍራ አልነበራቸውም። ዛሬ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ የማኅበረሰቡን ፈቃድ እንዲያገኝና ጥቅሙን እንዲያካፍል ያስገድዳል። በመጠይቅዎ ውስጥ ስለ ባህል መድኃኒት የጠየቁት ነገር ካለ፣ ከማሳተምዎ በፊት ይህን አዋጅ ያንብቡ።

መልስ፦ ከ«የሳይንስ መምህር»

እኔ ናሙና ከሚወሰድባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ በሐይቁ ዳር፣ አስተምራለሁ። የሚጠቅመንን በግልጽ ልንገርዎት። የመመረቂያ ጽሑፍዎን ሙሉ ቅጂ አያምጡልን። አንድ ጊዜ አንድ ተመራማሪ በክብር አስጠርዞ አምጥቶልን ነበር፤ ርእሰ መምህሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው አስቀመጡት፤ እስከ ዛሬም እዚያው አለ። የምንፈልገው በአማርኛ የተጻፈ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ነው። እሱንም ከሰኔ በፊት ያምጡት። መስከረም ላይ ከመጡ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሄደዋል፤ ናሙና የሰጡዎት ልጆች ሳይሰሙት ይቀራሉ።

ከገጹ ይልቅ ግን ያን ቀን ማይክሮስኮፑን ይዘው ይምጡ። ከሦስት ዓመት በፊት ለሌላ ጥናት የመጣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከሰዓቱን ለእኛ ሰጠን። ማይክሮስኮፑ በመስተዋት የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለ የሚሠራ ስለነበር፣ መብራት በሌለበት ክፍል መስኮቱ ሥር አኖርነውና ልጆቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ አዩ። የቢልሃርዚያ እንቁላል ሞላላ ሆኖ በጎኑ እንደ እሾህ የሾለ ነገር አለው፤ አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ዓይኗን ከመነጽሩ ሳታነሳ፣ «መምህር፣ ሆዴን የሚወጋኝ ይኼ ነው?» ብላ ጠየቀች። ወደ ውጭ ሳይወጡ በአንጀትና በጉበት ውስጥ የሚቀሩት እንቁላሎች ሰውን እንደሚጎዱ ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ እንደዚያ ከሰዓት በኋላ ግን ገብቷቸው አያውቅም። ልጆቹ በደብተራቸው ላይ እሾሁን አሳምረው ሳሉት፤ ከዚያ ሳምንት በኋላ ወደ መጸዳጃ ቤቱ የሚሄደው ልጅ መብዛቱን እኔ ራሴ አይቻለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። «ሐይቁ ውስጥ አትግቡ» የሚል ምክር ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። አባቶቻቸው ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው፤ ወንዶቹ ከብት ያጥባሉ፤ ሴቶቹ ውኃ ይቀዳሉ። አለመግባት የሚችል ልጅ የለንም። ይልቅስ ሰገራ ውኃው ካልደረሰ የበሽታው ዑደት እንደሚቋረጥ፣ የተቀዳ ውኃ አንድ ሁለት ቀን ሲቀመጥ የበሽታው እጭ እንደሚሞት፣ መድኃኒቱን የወሰደ ልጅም ወደ ውኃው ሲመለስ ዳግም ሊያዝ እንደሚችል ንገሩን። ቀንድ አውጣው በየትኛው መቅጃ እንደሚበዛ ካወቃችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት የምንፈልገው እሱን ነው።

መልስ፦ ከ«ጤና መኮንን፣ ደቡብ ጎንደር»

የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሸክሙን በተማሪው ጫንቃ ላይ ብቻ አንጣለው። የምርምር በጀት ሲጸድቅ ለናሙና መሰብሰቢያ፣ ለላቦራቶሪና ለውሎ አበል ገንዘብ ይያዛል፤ ውጤቱን ይዞ ለመመለስ ግን ብዙ ጊዜ የተያዘ ነገር የለም። ተመራማሪውም የሚመዘነው በመጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ነው። የመመለሻው ጉዞ ከመጀመሪያው በምርምር ዕቅዱ ውስጥ እንደ አንድ ሥራ ካልገባ፣ ሁልጊዜ በሰው ቅንነት ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

በተጨማሪም ገጹን ለጤና ጣቢያውና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መስጠትዎን አይርሱ። እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ በሊቦ ከምከም የደረሰውን የምናስታውስ እናስታውሳለን። ሰው በትኩሳት እየከሳ ሲሞት፣ በሽታው በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ ኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር በመተማና በሑመራ ቆላ ከቀድሞ ጀምሮ የሚታወቅና የተጠና በሽታ ነው፤ ከኛ አካባቢ ወጣቶችም በየዓመቱ ለአዝመራ ሥራ ወደዚያው ይወርዳሉ። ስለ በሽታው የተጻፈ ነገር መኖሩና የተጻፈው በሽተኛው ፊት ከተቀመጠው ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ መገኘቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያን ጊዜ የጠፋው ሰው ቁጥር ሳይሆን ፊቱ ነው የሚታወሰኝ።

መልስ፦ ከ«ብራና አንባቢ»

እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ፤ የጠየቁት ነገር በእኛም ዘንድ አለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ ጀርመናዊ ምሁር በጣና ገዳማት የሚገኙ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አንስተዋል፤ ዝርዝራቸውም በጀርመንኛ ታትሟል። ሥራው ትልቅ ነው፤ የማመሰግነውም ከልቤ ነው፤ ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባበት ገዳም ስለሆነ፣ እኔ የባሕር ዳር ተወላጅ ሆኜ ደሴቱን ከወደቡ ቆሜ እያየሁ፣ መጽሐፉን ልመረምር የምችለው እንደዚህ ካለ ቅጂ ብቻ ነውና። ይሁን እንጂ መጽሐፉን ለዘመናት ከእሳትና ከዘራፊ የጠበቁት አባቶች፣ ስለ ራሳቸው ዕቃ ቤት የተጻፈውን በጀርመንኛ ሊያነቡት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው ሌላው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ቢያንስ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ እንዲቀር መደረጉ ከዚህ የተሻለ አካሄድ ነበር።

እኔ ራሴ በዳርቻው ካሉት ገዳማት በአንዱ፣ ሴትም በሚገባበት፣ የሁለት መጻሕፍትን ዝርዝር ሠርቼ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ዝርዝሩን በአማርኛ አትሜ፣ ከፎቶግራፎቹ ጋር፣ ዕቃ ቤቱን ለሚጠብቁት አባት ይዤ ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «ይህ የጸሐፊው ስም አይደለም፤ ያጻፈው ሰው ስም ነው። በየዓመቱ ተዝካሩን እናወጣለታለን» አሉኝ። አማካሪዬም ሆነ ፈታኞቼ ያላዩትን ስሕተት እርሳቸው በአንድ ንባብ አዩት። ስለዚህ ወንድሜ፣ ጽሑፉን ለኅትመት ከመላክዎ በፊት ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂዱ እላለሁ። ልጆቹ የትኛው መቅጃ ላይ እንደሚዋኙ በመጠይቅ የሞሉልዎትንና በእውነት የሚዋኙበትን ለይተው የሚያውቁት እናቶቻቸው ናቸው።

መልስ፦ ከ«ጣና ዳር ተማሪ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅጼን መልሼ አየሁት፤ የሕግ አስተማሪው እንደገመቱት ዓረፍተ ነገሩ በእርግጥ አለበት፤ የጻፍሁትም እኔው ነኝ። ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሬ በግንቦት ወር አንድ ቀን ተይዞልኛል። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ በኋላ ለተማሪዎቹ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለወላጆች እናገራለሁ፤ ማይክሮስኮፑንም በውሰት የሚሰጠኝ ሰው አግኝቻለሁ። የመቅጃ ቦታዎቹን ካርታ ወላጆቹ አይተው እስኪያርሙት ድረስ በጽሑፌ ውስጥ አላስገባውም።

ካቻምና መጡ የተባሉትን ልጆች ጥናትም ፈልጌ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘሁት፤ የአንጀት ትላትልን የሚመለከት ነው። አጥኚው አሁን በሌላ ከተማ ነው የሚሠራው፤ ደውዬ ስለ እኒያ እናት ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና፣ ዋና ዋናውን ውጤት ራሱ በአማርኛ ጽፎ እንደሚልክልኝ ነገረኝ። ትናንት ደርሶኛል። ከእኔ ገጽ ጎን አብሮ ይለጠፋል።