እናቴ ግሪን ካርድ ይዛ አገር ቤት ቆየች፤ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ የደሴ ልጅ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

እኔ ዜጋ ነኝ። ለእናቴ ፕሮሰስ ጀምሬላት ግሪን ካርድ አግኝታለች። ግን አሜሪካ አልሆነላትም። ብርዱንም፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ተዘግቶ መዋሉንም አልቻለችውም። ጎረቤት የለ፣ ዕድር የለ፣ ቤተ ክርስቲያኑም በመኪና ካልሆነ አይደረስ። ስለዚህ ኑሮዋ ደሴ ነው። በዓመት አንዴ ትመጣና የልጅ ልጆቿን አይታ፣ ሁለት ወር ያህል ሆና ትመለሳለች። «ዓመት ሳይሞላት ረግጣ ከተመለሰች ምንም አይነካትም» ተብለን ነበር።

ባለፈው ስትመጣ ግን ኤርፖርት ላይ ለብቻዋ ወስደው ብዙ ጠየቋት። በስተመጨረሻ አስጠንቅቀው አስገቧት። አሁን ከወጣች አስረኛ ወሯን ይዛለች። ጉልበቷን ታማ ሕክምና ላይ ናት፤ ሐኪሟም ለጊዜው ረጅም በረራ ይቅርብሽ ብሏታል።

ሪኢንትሪ ፐርሚት የሚባለውን (ውጭ ረዘም ላለ ጊዜ ለሚቆይ ነዋሪ የሚሰጠውን የመመለሻ ፈቃድ) እኔ ከዚህ ሆኜ ላወጣላት እችላለሁ? ዓመቱ ካለፈስ? እሷ ደግሞ «ካርዱን ውሰዱልኝና በቪዚተር ልምጣ» እያለች ነው። የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፦ የሲያትሉ

አይዞሽ እህቴ፣ ብዙ አታካብጂው። የኔ ማዘር ለስንት ዓመት እንዲሁ ስትመላለስ ኖራለች። ዓመቱ ሳይሞላ ትግባ፣ አለቀ።

መልስ፦ ፎርም ሞይዋ

የሲያትሉ፣ እናትህ እንኳን በሰላም ገቡ። ግን ይሄ ዕድል እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሰው እንዳይሳሳት።

ጠበቃ አይደለሁም። ለሐበሻ ቤተሰቦች ፎርም እየሞላሁና እያስተረጎምኩ የቆየሁ ሰው ነኝ። እህቴ፣ ሁለት ነገር ለይተሽ እዪው። አንደኛው ካርዱ ነው። ግሪን ካርድ እንደ መግቢያ ሰነድ የሚያገለግለው ከአሜሪካ ከወጣ ዓመት ላልሞላው ሰው ነው። ሁለተኛው ነዋሪነቱ ነው። እሱ በቀን ቆጠራ ብቻ አይለካም። የኤርፖርቱ የኢሚግሬሽን መኮንን ማወቅ የሚፈልገው «እኚህ ሴት ኑሯቸው የት ነው?» የሚለውን ነው። ከ180 ቀን በላይ በተከታታይ ውጭ የቆየን ነዋሪ ደግሞ ሕጉ ሲመለስ እንደ አዲስ መግቢያ ጠያቂ ያየዋል። ስለዚህ ጥያቄው የሚጠበቅ ነው። አስር ወር እዚያ፣ ሁለት ወር እዚህ የሚለው ታሪክ እያንዳንዱ ማህተም ላይ አለ። አሜሪካን መርገጥ ቆጠራውን እንደገና ያስጀምረዋል እንጂ ያን ታሪክ አይሰርዘውም።

ሪኢንትሪ ፐርሚቱን አንቺ ከዚህ ልታወጪላቸው አትችዪም። ፎርሙ አይ-131 ይባላል፤ እናትሽ ራሳቸው አሜሪካ ውስጥ ባሉበት ጊዜ ነው የሚገባው። ከዚያ ለአሻራ ይጠራሉ። አሻራ ከሰጡ በኋላ ውጤቱን እዚህ ቁጭ ብለው መጠበቅ የለባቸውም፤ ፎርሙ ላይ አዲስ አበባ ኤምባሲ ይላክልኝ ብሎ መምረጥ ይቻላል። ፐርሚቱ ቢበዛ 2 ዓመት ያገለግላል፣ አይራዘምም፤ ሲያልቅ ተመልሶ እንደ አዲስ ማመልከት ነው። ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ በድምሩ ከ4 ዓመት በላይ ውጭ ለኖረ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለ1 ዓመት ብቻ ነው። ክፍያው በኤፕሪል 2024 ዋጋ ሲጨመር 630 ዶላር ሆኗል። ከመላክሽ በፊት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን የዋጋ ገጽ እንደገና እዪ፤ በተሳሳተ ክፍያ የሚመለስ ማመልከቻ ስንት አይቻለሁ።

ዓመቱ ካለፈ ኤስቢ-1 የሚባል የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ አለ። ኤምባሲ ነው የሚጠየቀው፣ ፎርሙ ዲኤስ-117 ነው። ሲወጡ ነዋሪ እንደነበሩ፣ የመመለስ ሐሳብ እንደነበራቸውና የቆዩት ከአቅማቸው በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት አለባቸው። እሱ ከተፈቀደ በኋላም የስደተኛ ቪዛውን ፎርምና የሕክምና ምርመራውን እንደገና ማለፍ አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከባድ ነው። የጉልበቱ ሕመም ለመጨረሻዎቹ ወራት ምክንያት ይሆናል። ከዚያ በፊት ለነበሩት ወራት ግን ምን ይላሉ? ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደ ዓመቱ ሳይሞላ ይምጡ።

መልስ፦ የደሴ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐኪሟ በሚቀጥለው ወር አይቼ እወስናለሁ ብሏል። ደብዳቤ ይጻፍልሽ ብዬ ነግሬያታለሁ። ምን ቢኖረው ይሻላል?

መልስ፦ ነርሷ (ሚኒሶታ)

ደብዳቤው የሆስፒታሉ አርማና ማህተም ይኑረው። ምን እንዳመማቸው፣ ሕክምናው መቼ እንደጀመረ፣ በረራ የተከለከሉት ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። «ታማለች» ብቻ ከሆነ አይጠቅምም። በእንግሊዝኛ የሚጽፍላችሁ ካለ ጥሩ፤ ካልሆነ አስተርጉሙት።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቀኖቹ። አገር ቤት ብዙ ሐኪም በኛ አቆጣጠር ነው የሚጽፈው። ወረቀቱ ላይ «ሐምሌ 2017» ተብሎ ተርጓሚው ሐምሌን ጁላይ ብሎ 2017ን እንዳለ ከተወው፣ እናትሽ ግሪን ካርድ ሳያገኙ በፊት የታመሙ ይመስላሉ። ትክክሉ ጁላይ 2025 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ስለሚሆን ተርጓሚም ይምታታበታል። ራስሽ ቁጭ ብለሽ አመሳክሪው።

መልስ፦ ታክስ ሠሪው

ስለ ታክስ ማንም ስላላነሳ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው አገር ቤት ቢኖርም ለአሜሪካ ታክስ ነዋሪ ነው። እናትሽ ደሴ ላይ ቤት ያከራያሉ? እሱም ገቢ ነው፣ ይቆጠራል። ገቢያቸው ትንሽ ሆኖ የማስገባት ግዴታ ባይኖርባቸው እንኳ፣ አንቺ በራስሽ ታክስ ላይ እንደ ዲፔንደንት (በአንቺ የሚተዳደሩ) አስገብተሻቸው ከሆነ ወረቀቱን ያዢ። ነዋሪ ላልሆነ ሰው የሚሞላውን 1040 ኤንአር ግን እንዳትሞዪላቸው። በገዛ እጃቸው «ነዋሪ አይደለሁም» ብለው እንደፈረሙ ነው የሚቆጠረው።

እግረ መንገዴን፣ ወላጆቻቸው ኤስኤስአይ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አዛውንትና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ) የሚቀበሉ ካላችሁ፣ 30 ቀን በተከታታይ ከአሜሪካ ውጭ ከሆኑ ክፍያው ይቆማል። ሳያሳውቁ የተቀበሉትን በኋላ መልሱ ይባላሉ።

መልስ፦ ሰርግ ጠሪ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ይቅርታ፣ ጥያቄ ልጨምር። አክስቴ በቪዚተር መጥታ እኛ ጋ ናት። ቪዛዋ የአንድ ጊዜ መግቢያ ነው። ቶሮንቶ ሰርግ አለብን። ሄዳ መመለስ ትችላለች?

መልስ፦ ፎርም ሞይዋ

ትችላለች፣ በሁኔታ። ወደ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ብቻ ሄዳ በ30 ቀን ውስጥ ከተመለሰችና አይ-94 (ስትገባ የተመዘገበላት የመቆያ ጊዜ) ላይ የተሰጣት ጊዜ ካላለቀ፣ የቪዛው ጊዜ ቢያልፍም ወይም አንዴ የተጠቀመችበት ቢሆንም መግባት ይፈቀዳል። እዚያ ሳለች አዲስ የአሜሪካ ቪዛ መጠየቅ የለባትም። አይ-94ቱን ከድረ ገጹ አትማ ትያዝ፤ የአየር መንገድ ሠራተኛው ቪዛዋን አይቶ «አልቋል» ሊላት ይችላል። ካናዳ ለመግባት ደግሞ የካናዳ ቪዛ ያስፈልጋታል። ሰርጉ ቅርብ ከሆነ እሱ ነው የሚያስቸግራችሁ።

መልስ፦ ልጅ ነኝ (ዴንቨር)

የደሴ ልጅ፣ ካርዱን መልሶ በቪዚተር ስለመምጣት ልንገርሽ። አባቴ እንዲህ አድርጓል። ከአሜሪካ አልተጣላም፤ መኖሪያው አገሩ ነው፣ በቃ። አይ-407 የሚባል ፎርም አለ፣ ክፍያ የለውም፣ አገር ቤት ሆኖም መላክ ይቻላል። በፈቃዱ የመለሰ ሰው ቪዛ ሲጠይቅ «እኔ አሜሪካ መኖር ብፈልግ ካርዱ እጄ ላይ ነበር» ብሎ መናገር ይችላል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ቪዛው ግን ዋስትና የለውም። ኢንተርቪው አለው፣ መከልከልም አለ። ከጁላይ 2025 ወዲህ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ፣ ለ3 ወር ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። ድሮ አንዴ ያገኘ ሰው ደጋግሞ ይመጣበት ነበር፤ አሁን በመጡ ቁጥር ኤምባሲ ነው። ሦስት ወር የሚባለው የመግቢያው ጊዜ ነው። ከገቡ በኋላ የሚቆዩበትን ቀን ኤርፖርት ላይ ያለው መኮንን ነው የሚወስነው፤ ብዙ ጊዜ 6 ወር ይሰጣል።

ስለዚህ እናትሽ ወደፊት ዘለግ አድርገው እዚህ የመቀመጥ ሐሳብ ካላቸው ካርዱን አትመልሱ፣ ፐርሚቱን አውጡ። ከሌላቸው ግን በየዓመቱ እየፈሩ መመላለሱ ለአዛውንት ድካም ነው። አንቺ ዜጋ ስለሆንሽ ደግሞ በኋላ ሐሳባቸው ቢቀየር እንደገና ልታመለክቺላቸው ትችያለሽ፤ የዜጋ ወላጅ የዓመታት ወረፋ የለበትም።

መልስ፦ የሲያትሉ

እሺ፣ ተማርኩ። እኔ እኮ ማዘር ስትመላለስ ማንም ስላልነካት ነው። ግን ፐርሚቱ ካለ ሲትዝንሺፑም ይቆጠርላታል ማለት ነው?

መልስ፦ ፎርም ሞይዋ

አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ፐርሚቱ የሚጠብቀው መግቢያውን ነው። ለዜግነት ከ6 ወር በላይ የቆየ ጉዞ የነዋሪነቱን ተከታታይነት አቋርጧል ተብሎ ይገመታል፤ በማስረጃ ማስተባበል ይቻላል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ተቋርጧል፣ ፐርሚት ቢኖርም። በተጨማሪ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 30 ወር አካሉ እዚህ መገኘት አለበት።

መልስ፦ ዝም ያልኩ (አትላንታ)

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ልጨምር። እስካሁን የተባለው በቤተሰብ ወይም በዲቪ ለመጣ ሰው ነው። ግሪን ካርዱን በፖለቲካ ጥገኝነት (አሳይለም) ያገኘ ሰው ኢትዮጵያ ከመሄዱ በፊት ጠበቃ ያነጋግር። «እገደላለሁ» ብሎ ወረቀት ያገኘ ሰው በዚያው አገር ፓስፖርት ቦሌ ገብቶ ሲመለስ፣ የመጀመሪያው ጉዳዩ እውነት ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። እናት ሞታም ቢሆን። ጨካኝ ይመስላል፣ ግን ይጠየቃል። ፖሊስ ጋ መዝገብ ያለው ሰውም እንዲሁ፤ ቲኬት ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ።

መልስ፦ የደሴ ልጅ

የኔ እናት በቤተሰብ ነው፣ እሱ አያሰጋንም። ከሷም ጋር ተነጋገርን። ሐኪሙ ከፈቀደ ዓመቱ ሳይሞላ ትመጣለች፣ ፐርሚቱን እናስገባለን፣ አሻራ ሰጥታ ጉልበቷ እስኪሻላት እዚሁ ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ ካርዱን መመለስ ከፈለገች በሰላም እንመልሳለን። አሁን የምፈራው ኤርፖርቱን ነው። እንግሊዝኛ አትችልም፤ ከደነገጠች የሰጧትን ሁሉ ትፈርማለች።

መልስ፦ ፎርም ሞይዋ

ይሄን በደንብ አስረጂያቸው። ያ አይ-407 የተባለው ፎርም ኤርፖርት ላይም ሊቀርብላቸው ይችላል። መፈረም በፈቃድ ነው፤ ግዴታ የለባቸውም። ያልገባቸውን ወረቀት አይፈርሙ። «አስተርጓሚ፣ አማርኛ» ይበሉ፤ በስልክም ቢሆን ይገኛል። መኮንኑ ነዋሪነታቸውን አጥተዋል ብሎ ቢያምን እንኳ «ዳኛ ፊት መቅረብ እፈልጋለሁ» ማለት ይችላሉ። ካርዱን በራሱ ሥልጣን አይሽረውም፤ የሚወስነው የኢሚግሬሽን ዳኛ ነው፣ የማስረዳቱም ሸክም መንግሥት ላይ ነው። እነዚህን በእንግሊዝኛም በአማርኛም አንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ፣ ስልክ ቁጥርሽን ጨምረሽ ላኪላቸው። ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር በእጅ ቦርሳቸው ይያዙት። በሻንጣ እንዳይሆን።

ሲጠየቁም እውነቱን ይናገሩ። «ልጄን ልጠይቅ መጣሁ» ካሉ ግን የጎብኚ መልስ ነው። ቤታቸው ካንቺ ጋ ከሆነ «ወደ ቤቴ ነው የተመለስኩት፣ ታምሜ ነው የቆየሁት» ይበሉ። የኛ እናቶች በትህትና «እንግዳ ነኝ» ማለት ይቀናቸዋል፤ እዚያ ላይ ትህትናው ይጎዳቸዋል።

መልስ፦ ነርሷ (ሚኒሶታ)

ዊልቸርም አሁኑኑ አስይዢላቸው፤ ቲኬቱ ሲቆረጥ ለአየር መንገዱ ከተነገረ ክፍያ የለውም። የሚገፋቸው ሠራተኛ እስከ ኢሚግሬሽኑ መስኮት ድረስ ይዟቸው ይሄዳል። በረራው ረጅም ስለሆነ በየጊዜው ተነስተው እንዲንቀሳቀሱ፣ ውሃም እንዲጠጡ ንገሪያቸው። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሐኪማቸውን በዚሁ ቀጠሮ ይጠይቁት።