የእድር ገንዘብ በወረርሽኝ ጊዜ ለቀብር ብቻ ነው ወይስ ለታመመም?

የገዳም ሰፈር ነዋሪ
የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ በሚቀጥለው እሑድ ይሰበሰባል። ወረርሽኝ በመንግሥት በታወጀ ጊዜ ከተቀማጩ አንድ አምስተኛው ለታመሙና ሥራ ለቆመባቸው አባላት ምግብና መድኃኒት እንዲውል በደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ጠይቄአለሁ። አስቀድመን እንከራከርበት።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአዲስ አበባ ከተገኘ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። እድራችን መዋጮውን አላቋረጠም፤ ገንዘቡም ባንክ ገባ። በዚያው ሰሞን በዚያው ሰፈር ምሳ የማይበላበት ቤት ነበረ። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የቀድሞ የእድር ዳኛ፣ ስድስት ኪሎ
ልጄ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል፤ ሐሳቡን ግን አልቀበለውም። ድሃ አባል ከሌለው ላይ በየወሩ የሚከፍለው የሚቀብረው እንዳያጣ ነው። ያ ገንዘብ አደራ ነው። ወረርሽኝ ደግሞ ሞትን ያበዛል። ለአስከሬን ሣጥንና ለቤተሰቡ የምንከፍለው ገንዘብ ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልገን ሰዓት ሣጥኑን እናጉድለው ማለት ነው?

የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የነገሩን አባቶቻችን ናቸው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በታመሙበት በዚያ ወር ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እያቃጠልን «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ያንን ዘመን እያሰብን ነው። እኔ እድርን የማየው እንዲህ ያለ ቀን ዳግም ቢመጣ ሰው በክብር እንዲቀበር የቆመ ማኅበር አድርጌ ነው።

ነርስ፣ አራት ኪሎ
ጋሼ፣ የኅዳር በሽታን ማንሣትዎ መልካም ነው። ግን ቀባሪ ከመጥፋቱ በፊት ውኃ የሚያቀብል ሰው ጠፍቶ ነበር። እንዲህ ያለ በሽታ አንድን ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲጥል፣ ሊድን ይችል የነበረ ሰው አስታማሚ በማጣት ይሞታል።

በኮሮና ጊዜ ታማሚዎችን በማከም ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ሁሉም ወደ ማዕከል ይወሰድ ነበር፤ በኋላ ሕመማቸው ያልጠናባቸው በቤታቸው ተለይተው እንዲቆዩ ተፈቀደ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ነገር ግን የቀበሌ ቤት ውስጥ «ተለይቶ መቆየት» ምን እንደሚመስል የመሀል ከተማ ሰው ያውቀዋል፤ ግድግዳው የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ፣ መጸዳጃ ቤቱም የጋራ ነው። ጀበና ቡና እየሸጠች በየዕለቱ ገቢዋ ለምታድር ሴት «ከቤት አትውጪ» ስላት የምናገረውን የማላምንበት ጊዜ ነበረ። ልጆቿ ምን ይብሉ? ትወጣለች። መውጣቷን ለመደበቅም መታመሟን ትደብቃለች። ተከራይ ከሆነች ደግሞ ፍርሃቷ እጥፍ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ ደንቡ ተከራይን ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም ከልክሎ ነበር፤ ይሁን እንጂ አከራይ ፊቱን እንዳያጠቁር የሚከለክል ሕግ የለም።

እንጀራ በራፏ ላይ የሚያስቀምጥላት ሰው ያገኘች ግን ቤቷ ትቀመጥ ነበር። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ለእርሷ የሚሰጠው ምግብ ያንን ቧንቧ የሚጋሩትን ሁሉ ይጠብቃል። የምንቀብረውንም ሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ ስለዚህ የእርስዎን ሣጥን አያጎድልም ብዬ አምናለሁ።

ገንዘብ ያዥ፣ ቂርቆስ
ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ አፈጻጸሙ ግን ያስፈራኛል። ሞት ማስረጃ አለው፤ ችግርን ማን ይመሰክራል? ኮሚቴው ለዘመዱ ሰጠ የሚል ሐሜት አንድ ጊዜ ከተነሣ እድሩ ይፈርሳል።

ሆኖም አዲስ ነገር አይደለም። ኤችአይቪ በጠናበት ዘመን የቀብሩ ብዛት ካዝናቸውን ሲያራቁተው፣ በዚህች ከተማ ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀምረዋል። ከዚያ የተረፈ ልምድ አለ።

እኔ የምለው በጥሬ ገንዘብ አይሁን። ለቅሶ መቀመጥ በታገደበት ወቅት ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ትልልቁ ድስትም መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ ነበር። ለንፍሮና ለእዝን የሚወጣው ወጪም ቀርቶ ነበር። በየወሩ ለለቅሶ ወጥ የሚሠሩት እናቶች በዚያው ድስት፣ በዚያው ወጪ ለታመመ ቤት ያብስሉ። የተሠራ ምግብ ለማን እንደደረሰ ጎረቤት ሁሉ ያያል፤ ጥሬ ብር ግን አይታይም።

የቀድሞ ዳኛ
ድስቱ ይውጣ፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ድንኳን ባይተከልም ለሟች ቤተሰብ የሚከፈለው ገንዘብ አይቀንስም። ትልቁ ወጪያችን እርሱ ነው። የተቀረው በንፍሮ ላይ የዳነ ጥቂት ብር ነው።

ተከራይ፣ ካዛንችስ አካባቢ
ሁላችሁም «አባል» እያላችሁ ነው። እኔ አባል አይደለሁም። ለአዲስ ገቢ የሚጠየቀው መግቢያ ነባሩ ለዓመታት ካጠራቀመው ጋር የሚመጣጠን ስለሆነ አልቻልሁትም፤ ደግሞስ የሚቀጥለውን ዓመት እዚያው ግቢ መኖሬን በምን አውቃለሁ? በ2012 ዓ.ም. ሥራዬ ሲቆም አከራዬ የሁለት ወር ኪራይ ማረችኝ። ያኔ ብዙ አከራዮች እንዲህ አድርገዋል፤ ስለ እነርሱ ስናገር ዛሬም እመርቃለሁ። ግን የአንድ ሰው ርኅራኄ ሲያልቅ ምን ይቀራል? የቤት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው፣ በረንዳ ላይ የሚያድረው ሊስትሮ የማንም እድር መዝገብ ላይ የሉም። በሽታው ግን መዝገብ አይቶ አይገባም።

የቀድሞ የፒያሳ ነዋሪ
በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ሲፈርስ እድርተኛው በየአቅጣጫው ተበተነ። መዋጮዬን አሁንም በቴሌብር እልካለሁ፤ ለቀብርም እሄዳለሁ። ነገ ወረርሽኝ ቢመጣና ትራንስፖርት በግማሽ ሰው እንዲጭን ቢታዘዝ፣ እንደ ያኔው፣ ምግብ የሚያደርስልኝ የድሮው እድሬ አይሆንም፤ ገና ስሙን የማላውቀው የፎቁ ጎረቤቴ ነው። ስለዚህ ተከራይዋ ያለችው ትክክል ነው። የበሽታ ጊዜ እርዳታ በአባልነት ሳይሆን በመኖሪያ ይሁን። ለቀብሩ እድሬ ይበቃኛል።

የቀድሞ ዳኛ
ሰው ሲቸገር ማየት ለእኔም አይቀለኝም። ነገር ግን በየወሩ ከፍሎ የቆየ ሽማግሌ ላልከፈለ ሰው ገንዘቡ ሲሰጥ ቢቃወም ክፉ አትበሉት። እርሱም ደሃ ነው።

ነርስ፣ አራት ኪሎ
አልልም፣ ጋሼ። ለዚህ ነው ከመዋጮው የተለየ የገንዘብ ሣጥን ቢኖር የምመርጠው። በማዕድ ማጋራቱ ጊዜ ያለው ሁሉ ዱቄትና ዘይት ሲያወጣ አይተናል። ችግሩ ታሟል ተብሎ የሚፈራውን ቤት ማን ያንኳኳል የሚለው ነበር። እድር ቤቱን ያውቃል፤ የሰው እምነትም አለው።

የገዳም ሰፈር ነዋሪ
እንግዲህ ሐሳቤን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ዕቃዎቹና ከለቅሶ የሚተርፈው ወጪ ለታመመ ቤት ምግብ እንዲውል ነው። ሁለተኛው ከተቀማጩ ሳይነካ በፈቃደኝነት የሚሞላ የወረርሽኝ ሣጥን ነው። ሦስተኛው አባል ላልሆኑ ጎረቤቶችም እንዲደርስ ነው። አንድ አምስተኛ ያልሁትን አንሥቻለሁ።

የቀድሞ ዳኛ
ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እጄን አወጣለሁ። ሦስተኛው ምግቡን የሚመለከት ከሆነ አልቃወምም፤ ለመድኃኒት የሚሰጥ ብር ከሆነ እቃወማለሁ፤ እሑድም ተነሥቼ እናገራለሁ።

የገዳም ሰፈር ነዋሪ
ይናገሩ፣ ጋሼ። እኔም የግቢያችን ተከራዮች ድምፅ ባይሰጡም ገብተው እንዲናገሩ ጉባኤውን እጠይቃለሁ።