ቆጵሮስ፦ ቱርኮቹ 18 በመቶ ናቸው፣ 25 ወይስ 30?

ሰሎሜ_ዘአራዳ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ሥልጣን ክፍፍል ለሚጻፍ ጽሑፍ ቆጵሮስን በምሳሌነት መያዝ ፈልጌ ቁጥሩ አልገጥም አለኝ። አንዱ የቱርክ ማኅበረሰብ 18 በመቶ ነው ይላል፣ ሌላው 30፣ ሌላው ደግሞ 25። የትኛውን ልያዝ? ደግሞስ ሕገ መንግሥቱ ግሪክኛንም ቱርክኛንም እኩል የሥራ ቋንቋ ካደረገ፣ ዛሬ በደቡቡ (የግሪኮቹ መንግሥት በሚያስተዳድረው ክፍል) ቱርክኛ ለምን አይሠራበትም? (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ቢሆን ይቀለኛል።)

አንቀጽ_ሦስት፦
18 እና 30 አይጋጩም፤ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። 18 የሕዝብ ቁጥር ነው። በ1960 ቆጠራ ደሴቲቱ 573 ሺህ ያህል ሰው ነበራት፤ ግሪኮቹ 442 ሺህ፣ ቱርኮቹ 104 ሺህ ገደማ። 104ን ለ573 ስታካፍዪው 18.2 በመቶ ይመጣል።

30 ግን የወንበር ድርሻ ነው። በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከምክር ቤቱ 50 መቀመጫ 35ቱን ለግሪክ፣ 15ቱን ለቱርክ ሰጠ (አንቀጽ 62)። ከ10 ሚኒስትሮች 3ቱ ቱርክ፣ ሲቪል ሰርቪሱም 70 ለ30 (አንቀጽ 123)። 2,000 ሰው እንዲኖረው የታሰበው ሠራዊት ደግሞ 60 ለ40 (አንቀጽ 129)። ስለዚህ የሆነ ቦታ 40 ብታዪ አትደንግጪ።

ጽሑፍሽ ላይ ከኮታው ይበልጥ ክብደት የሚገባው አንቀጽ 78 ይመስለኛል። የምርጫ፣ የማዘጋጃ ቤትና የግብር ሕጎች የሚያልፉት የግሪክ እንደራሴዎች ለብቻቸው፣ የቱርኮቹም ለብቻቸው በአብላጫ ሲደግፏቸው ነው። ሁሉም ከተገኙ ማለት ነው፣ 8 የቱርክ እንደራሴ ከ50ው ምክር ቤት ላይ የግብር ሕግ ማስቆም ይችላል። በ1961 የሆነውም ይኸው ነው። ሠራዊቱም ሳይቋቋም ቀረ፦ ምክትል ፕሬዚዳንት ኩቹክ «በቋንቋና በሃይማኖት የተለያዩ ወታደሮች አንድ ክፍል ውስጥ አይሆኑም፣ እስከ ሻምበል ጦር ክፍል ድረስ ይለያዩ» ብለው በድምፅ መሻር መብታቸው አስቆሙት። በኅዳር 1963 ፕሬዚዳንት ማካሪዮስ ያቀረቡት የ13 ነጥብ ማሻሻያ እነዚህን ድምፅ መሻሪያዎች የሚያነሳ፣ የሲቪል ሰርቪሱንም ድርሻ ወደ ሕዝብ ቁጥር የሚመልስ ነበር። በታኅሣሥ ደም ፈሰሰ፣ በመጋቢት 1964 የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ገባ።

ቋንቋውን በተመለከተ አንቀጽ 3ን እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን መስመር ጠቅሶ ያልፋል። ሕግ በመንግሥት ጋዜጣ ላይ በሁለቱም ቋንቋ፣ በዚያው እትም ይወጣል። ለቱርክ የሚጻፍ የመንግሥት ደብዳቤ በቱርክኛ ይሆናል። ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ቱርክ ከሆኑ ችሎቱ በቱርክኛ፣ አንዱ ግሪክ ከሆነ በሁለቱም። ሳንቲምና ቴምብር ሳይቀር በሁለቱም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በየመሥሪያ ቤቱ 30 በመቶ ቱርክ ተቀምጦ ሲተረጉም ነው። ከ1963 በኋላ የቱርክ እንደራሴዎችና ሠራተኞች ከመንግሥት ወጡ፣ ያስወጧቸው ናቸው ወይስ ራሳቸው ጥለው ሄዱ የሚለው እስከ ዛሬ ያጣላል፤ ሥራው ግን በግሪክኛ ብቻ ቀጠለ። የ1964 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔም አንቀጾቹ ሳይሻሩ መንግሥት ያለ እነርሱ እንዲሄድ «የአስገዳጅ ሁኔታ» በሚለው መርሕ ፈቀደ። አንቀጹ እንዳለ ነው፣ የሚፈጽመው ሰው ነው የጎደለው። ርዝራዡን ማየት ከፈለግሽ የቆጵሮስ የዩሮ ሳንቲም ላይ በግሪክኛ «ኪፕሮስ»፣ በቱርክኛ «ክብርስ» ተጽፏል። ፓስፖርቱም ሁለቱን ከእንግሊዝኛ ጋር ይዟል።

ሰሎሜ_ዘአራዳ፦
ተባረክ። 25ቱስ ከየት መጣ?

ቆጣሪው፦
እሱ የተሳሳተ ድምር ነው፣ እንዳትጠቀሚበት። በ2011 ደቡቡና ሰሜኑ የየራሳቸውን ቆጠራ አካሄዱ። ደቡቡ 840,407፣ ሰሜኑ 286,257 አገኙ። ሰው ሁለቱን ይደምርና 286ን ለ1,126 ያካፍላል፣ 25.4 ይወጣል። ሁለት ቦታ ይበላሻል። የሰሜኑ ቁጥር ቱርክ ቆጵሮሳዊ ብቻ አይደለም፤ ደሴቲቱ ለሁለት ከተከፈለችበት ከ1974 በኋላ ከቱርክ የመጡ ሰፋሪዎች፣ ሠራተኞችና ተማሪዎች አብረው አሉበት። የደቡቡም ከአምስት አንዱ የሚሆነው የውጭ ዜጋ ነው። ማኅበረሰብ ከማኅበረሰብ ሳይሆን ነዋሪ ከነዋሪ ነው የተካፈለው።

የደቡቡ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ለዚያው ዓመት የሚገምተው የቱርክ ቆጵሮሳውያን ቁጥር 90 ሺህ ያህል ነው። ሰፋሪውን አይቆጥርም፣ ሰሜኑ ግን በሙሉ ይቆጥራል። 90 ሺህና 286 ሺህ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ደሴት! ደሴቲቱን መልሶ ለማዋሐድ በሚደረገው ድርድር ላይ ሰፋሪው ትልቅ ጠብ የሆነውም ለዚህ ነው፤ እሱ ከገባ ምጣኔው በአንድ ጊዜ ይቀየራል።

እንዲህ አድርጊ፦ ለማኅበረሰቦቹ ምጣኔ መላውን ደሴት በአንድ ላይ የሸፈነውን የ1960ውን ያዢ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ስትጽፊ ማን እንደቆጠረ፣ የት እንደቆጠረ፣ ዜጋን ነው ወይስ ነዋሪን በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቢ። በመቶኛ አትለውጪው።

ወለተ_ማርያም፦
ስለ ቋንቋው አንድ ልጨምር። ሕጉ እኩል ቢያደርጋቸውም ንግግሩ እኩል ሆኖ አያውቅም። ቅይጥ መንደሮች ውስጥ ግሪክኛ የሚችል ቱርክ ሞልቶ ነበር፣ ቱርክኛ የሚችል ግሪክ ግን ጥቂት። ቁጥሩ ያነሰው የሌላውን ይማራል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። እንደ ሉሩጂና ባሉ መንደሮች የቱርኮቹ የቤት ቋንቋ ራሱ ግሪክኛ ነበር። በ1958 ገደማ የቱርክ ብሔርተኞች «ወገን፣ ቱርክኛ ተናገር» የሚል ዘመቻ አስነስተው ግሪክኛ የተናገረን እስከ መቅጣት ደረሱ።

ምልክቱ ዛሬም በአነጋገራቸው አለ። ኢስታንቡል ላይ «ጌልዲን ሚ?» (መጣህ ወይ?) የሚባለውን ቆጵሮስ ላይ የጥያቄዋን «ሚ» ጥለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጌልዲን?» ይላሉ። «መሄድ እፈልጋለሁ» ለማለትም «ጊትሜክ ኢስቲዮሩም» በማለት ፈንታ «ኢስቴሪም ጊዴይም»፤ አሰካኩ የግሪክኛው ነው። ከ1974 ወዲህ የተወለደው ግን በተራው ጎረቤቱን አይሰማም። በ2003 በሰሜኑና በደቡቡ መካከል ያለው መተላለፊያ ሲከፈት ወጣቶቹ የተግባቡት በእንግሊዝኛ ነበር።

ሰሎሜ፣ አርመኖቹንና ማሮናውያኑንም (መሠረታቸው ከሊባኖስ አካባቢ የሆነ ክርስቲያኖች) አትርሺ። በ1960 ከሁለቱ ማኅበረሰቦች አንዱን ምረጡ ተብለው ወደ ግሪኩ ስለገቡ በኮታው ውስጥ ለብቻቸው አይታዩም። በኮርማኪቲስ መንደር የሚነገረው የማሮናውያን ዐረብኛ በ2008 በአውሮፓ የአናሳ ቋንቋዎች ቻርተር ጥበቃ አግኝቷል። ቱርክኛ በዚህ ዝርዝር የለም፤ በወረቀት የሥራ ቋንቋ ስለሆነ አናሳ አይባልም።